ከጎተራ ጀርባ የወጣ ማረሻ

አዲስ አበባ አንድ የባህል ምግብ ቤት ገብቼ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቀንበር አየሁ። ተገልብጦ ነው የተሰቀለው። የበሬው አንገት የሚገባባቸው ማነቆዎች ወደ ጣሪያው ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አንዱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተንጠልጥሎበታል። አስተናጋጁን ጠርቼ «የኔ ወንድም፣ ይሄ እኮ ተገልብጧል» አልኩት። «ዲዛይን ነው እህቴ» አለኝ። ምን እላለሁ፤ ሽሮዬን በልቼ ወጣሁ።

ወደ ደብረ ብርሃን በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ግን አንድ ነገር ሆዴን በላው። የኛስ የት ገባ? አባቴ ካረፈ 18 ዓመት ሆኖታል። መሬቱን ለእኩል ሰጥተናል። ማረሻውን የጠየቀን የለም። በሳምንቱ ገጠር ወረድኩና ፈለግሁት። ሞፈሩ ጎተራው ጀርባ ቆሟል። እርፉ የዶሮ ቆጥ ሆኗል። ቀንበሩ ለከብቶቹ በረት መወርወሪያ ሆኖ ያገለግላል። ከሁለቱ ድግሮች አንዱ ብቻ ተገኘ። ብረቱን እናቴ አልጋዋ ሥር በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ያን ማረሻ መልሼ አፈር ለማስነካት ሰባት ወር ፈጀብኝ። አሁን አብረውኝ የሚሠሩ ሰዎች ስላሉ በሦስት ሳምንት የሚያልቅ ሥራ ነው። የእናንተም ቤት እንዲህ ተበታትኖ የተቀመጠ የእርሻ ዕቃ ካለ እንዴት እንደምትነሱ ልንገራችሁ። ወደ ሳሎን ግድግዳ ለመስቀል ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። እኔ የማወራው ስለሚያርስ ማረሻ ነው።

ሰውና ቀን

ዕቃ ከመሰብሰባችሁ በፊት ሰው ሰብስቡ። ሲያርስ የኖረ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ቀጥቃጭ፣ መጥረቢያና መሮ የሚገባው አንድ አናጢ ካገኛችሁ ይበቃል። የተቀረነው ሻይ ለማፍላትና ለመከራከር ነው።

እኛ አሁን ዘጠኝ ሰዎች ነን። ስንጀምር ራሳችንን «ክለብ» ብለን ጠራን። የመንደሩ ሰው የኳስ መስሎት ልጆቹን ማልያ አልብሶ ላከልን። ስለዚህ አሠራሩን ከጽዋ ማኅበር ቀዳነው። በወር አንዴ ተራ በተራ ቤት ለቤት እንገናኛለን። ተረኛው ጠላና ቆሎ ያቀርባል። ሌላው እያንዳንዱ ከቤቱ አንድ አሮጌ ዕቃ ይዞ ይመጣል፤ ስሙንና የማን እንደነበር ይናገራል። ይሄን መንገድ እመክራለሁ። ሰው ስብሰባ ሲባል ይቀራል፣ ተራ ሲባል ግን አይቀርም።

ቀኑ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ለእርሻው የሚመጡት ተማሪዎች የሚመቻቸው ቅዳሜና እሁድ ነው። በሰንበት ደግሞ በሬ አይጠመድም። በዚያ ላይ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ አለ። የእኔ የመጀመሪያ ቀጠሮ በ12 ላይ ወደቀ። ካላንደሩ ላይ ማክሰኞ መሆኑ ብቻ ነበር የታየኝ። ክርስትና አባቴ፣ በሬዎቹ የእሳቸው ናቸው፣ ስልኩን እንዳነሱ «አንቺ ልጅ፣ ሚካኤል አይደለም እንዴ? ሰብሌን በረዶ ልታስመቺብኝ ነው?» አሉኝ። አሁን ሥራውን ለሁለት ከፍለነዋል። በበዓል ቀን ዕቃውን ዘርግተን እናወራለን፣ በስልክ እንቀዳለን። በሥራ ቀን ጠዋት እናርሳለን፤ የቻለ ተማሪ ይመጣል።

ወቅቱንም አስቡበት። የኛ አገር ዋልካ፣ ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ በጥር ድንጋይ ነው። ከበሬውም አልፎ ማረሻውን ይሰብረዋል። የበልግ ካፊያ ሁለት ሦስት ቀን ከጣለ በኋላ፣ አፈሩን በእጃችሁ ጨብጣችሁ ስትለቁት ፈርከስ ሲል፣ ያኔ ጥሩ ነው። እጅ ላይ እንደ ሊጥ ከተለጠፈ ጠብቁ።

ስሙን ሳታውቁ አትንኩት

ይሄ የከተማ ልጅ ዋና ስህተት ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። ዕቃውን ማጠብ ከመጀመራችሁ በፊት መሬት ላይ ዘርጉትና ሽማግሌው አንድ በአንድ እየነኩ ስሙን ይንገሯችሁ።

ሞፈር ረጅሙ እንጨት ነው፤ ከአራሹ እስከ በሬዎቹ ይደርሳል። የአባቴን ስለካው ከሦስት ሜትር ትንሽ ያልፋል። እርፍ በእጅ የሚያዘው ነው። ድግር ከማረሻው ግራና ቀኝ የሚተኙት ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች ናቸው፤ አፈሩን ወደ ጎን የሚገፉት እነሱ ናቸው። ወገል ድግሮቹን ከብረቱ ጋር የሚያይዘው ብረት ነው። ምራን ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረው ጠፍር ነው። «ማረሻ» የሚባለው ደግሞ ሁለት ነገር ነው፤ ሙሉው ዕቃም፣ ጫፉ ላይ ያለው ሹል ብረትም። ክርስትና አባቴ «ማረሻውን አምጪ» ሲሉኝ ሙሉውን ተሸክሜ የሄድኩበት ቀን አለ። የፈለጉት ብረቱን ነበር። ሙሉው ከነቀንበሩ ከሃያ ኪሎ አይተናነስም፤ ወገቤ ያስታውሰዋል።

ስሙን ስትጽፉ ሰውየው እንደተናገሩት ጻፉት። ከወረዳ ወረዳ ይለያያል። ማስተካከል የእናንተ ሥራ አይደለም። እኛ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ትንሽ ካርቶን በሲባጎ እናስራለን። ስሙ፣ የማን እንደነበር፣ ከየትኛው ጎጥ እንደመጣ፣ ማን እንደሠራው። ሐሳቡን ያገኘሁት ስድስት ኪሎ ከሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። አንድ ቀን መድባችሁ ሂዱና እዩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። አሮጌ ሁሉ የጥንት አይደለም። አንዱ አባላችን ሁለት ማረሻ ጎን ለጎን ተጣምሮ፣ ከኋላው ጎበጥ ያለ ብረት የተገጠመለት ዕቃ ይዞ መጣ። «የአያቴ አያት ዕቃ ነው» ብሎ ማለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁበት። ዕቃው በ1970ዎቹ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ ያኔ ኢልካ ይባል የነበረው፣ ዋልካ መሬት ላይ ውሃ እንዳይተኛ ብሎ ያወጣው የመደብ ማውጫ ነው። መደቡ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሐሳቡ ግን እዚሁ ሰሜን ሸዋ ካሉት የኢነዋሪ ገበሬዎች የተወሰደ ነው፤ እነሱ መደቡን ቀድሞም በእጃቸው ይሠሩት ነበር። የዚያው ማዕከል ሰዎች ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ በሬ ማረስንም ሞክረው ነበር። ገበሬው አልወደደውም። አንድ በሬ ያለው ሰው ድሮም መላ አለው፤ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ በየተራ ያርሳል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «ጥንታዊ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁ።

እንጨቱ

እንጨቱን በጥፍራችሁ ሳይሆን በጆሯችሁ መርምሩት። በትንሽ መዶሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኳ ኳ አድርጉት። ድምፁ ጥርት ካለ ደህና ነው። ዱብ ዱብ ካለ ውስጡን ነቀዝ በልቶታል። የአባቴ ሞፈር መሐሉ ደህና ነበር፤ ወፍራሙ ጫፍ ላይ ግን ስንት ቀዳዳ ቆጠርኩ። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ላምባ በመርፌ ጨምሬ፣ ሁለት ቀን በላስቲክ ጠቅልዬ ተውኩት። ከዚያ ማጀት ውስጥ ጭስ በሚያገኝበት ቦታ ሰቀልኩት። የድሮ ሰዎች ዕቃቸውን ከምድጃው በላይ የሚሰቅሉት ቦታ አጥተው እንዳይመስላችሁ። ላምባ የነካ እንጨት ግን በደንብ ሳይደርቅ ወደ እሳት አታስጠጉ።

መተካት ያለበትን ተኩ። ሞፈር ዛሬ በኛ አገር ባህር ዛፍ ነው፤ ቀጥ ያለና ረጅም ሌላ እንጨት የት ይገኛል? ድግር ግን ወይራ ይሁን። ድንጋይ የሚመታው እሱ ነውና ባህር ዛፍ አይችለውም። ቀንበር ቀለል ያለ እንጨት ይፈልጋል፤ ዋንዛ ግሩም ነው። ዋንዛ በኛ ውርጭ አይበቅልም። ከጣርማ በር ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ታገኙታላችሁ። ድሮም የደጋ ሰው ቀንበሩን ከቆላ ነበር የሚያስመጣው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት በአንድ ጊዜ አትጥረቡ፤ ጥላ ሥር ይሰንብት። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት በሦስተኛው ቀን ይሰነጠቃል።

ቫርኒሽ አትቀቡ፤ ይሄን አጥብቄ ነው የምናገረው። የእርፉ መያዣ ላይ የአባቴ መዳፍ ያለሰለሰው ቦታ አለ፤ ጠይም ሆኖ ያበራል። ያን በአሸዋ ወረቀት ብፈገፍገው ምን ቀረኝ? በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉት፣ አድርቁት፣ የተልባ ዘይት በስሱ አጠጡት። አለቀ።

ብረቱ

የዛገ ማረሻ አይታችሁ አትደንግጡ። ላዩን በአመድና በአሸዋ፣ ካልሆነ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉት። ግራይንደር አታስነኩት። ጫፉ አልቆ ከሆነ ግን የቀጥቃጭ ሥራ ነው።

ወደ ቀጥቃጩ ቤት ስትሄዱ በእጃችሁ ብቻ አትሂዱ፤ ከሰል ያዙ፣ ጊዜም ያዙ። እኔ የሄድኩበት ሰው ቤቱ ከመንደሩ ዳር ነው። ለምን ዳር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሠሩትን ማረሻ ተበድሮ የሚያርስ ሰው ልጁን ለልጃቸው አይድርም ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሙያተኛን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አውጥተዋል። አዋጁ መቶ ዓመት አለፈው፤ ቤቱ ግን አሁንም ዳር ነው። የመጀመሪያው ቀን አብረን ቡና ስንጠጣ ስንቱ ሰው በአጥር እያሾለከ እንዳየን እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ከዘጠኙ አንዱ እሳቸው ናቸው። ጽዋው ተራቸው ሲደርስ እሳቸው ቤት ይጠጣል።

ሥራውን ቁጭ ብላችሁ እዩት። ልጃቸው ወናፉን ይጨብጣል፣ ይለቃል፤ ፍሙ ይነፍሳል። ብረቱ መጀመሪያ እንደ ደም ይቀላል፣ ከዚያ እንደ ብርቱካን ይሆናል። በጉጠት አውጥተው መስፉ ላይ ያስቀምጡታል። መዶሻው ጫፉን እየገፋ ያሾለዋል። የተበላውን ለመቀጠል ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ ጨመሩበት። በመጨረሻ ጫፉን ብቻ ውሃ ውስጥ ነከሩት፤ ጭስ አለ፣ ወዲያው አወጡት። «ሙሉውን ብነክረው ድንጋይ ሲነካ እንደ ብርጭቆ ነው የሚሰበረው» አሉኝ። ክፍያውን በገንዘብ ሰጠሁ። ድሮ ግን ዓመቱን ሙሉ የቀጠቀጡበትን የሚቀበሉት በአዝመራ ጊዜ በእህል ነበር።

ጠፍሩ

አጭር ነው። የድሮውን ጠፍር አትመኑት፤ ቢያምርም ይበጠሳል። አዲስ የበሬ ቆዳ ጠፍር አሠሩ። ከማሰራችሁ በፊት ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደር። እርጥቡን ጨምቃችሁ እሰሩት፣ ሲደርቅ ራሱ ያጠብቀዋል። ከተጠቀማችሁ በኋላ ሞራ ቀቡት። ሞራ የተቀባ ጠፍር ግን አይጥም ውሻም ይወደዋል። የመጀመሪያውን ምራን ውሻ በልቶብኛል፤ የራሴው ውሻ።

መግጠምና መጥመድ

አገጣጠሙ ሲታይ ቀላል ነው። ማረሻው የእርፉን ታችኛ ጫፍ እንደ ቆብ ይለብሰዋል። ድግሮቹ ግራና ቀኝ ያቅፉታል። ወገሉ ይይዛቸዋል። ሞፈሩ ከእርፉ ጋር ይጣመራል። ሁሉንም ገጥሜ፣ አጥብቄ፣ ፎቶ አንስቼ ለወንድሞቼ ላክሁ። ማሳ ላይ ሲወጣ ግን ማረሻው አፈሩ ላይ እንደ በረዶ ሸርተት እያለ ሄደ። መሬቱን ጫረው እንጂ አልገባበትም። በሬዎቹ ቀሏቸው ሮጡ። ሰው ሳቀ።

ክርስትና አባቴ አንድ ቃል አልተናገሩም። በሬዎቹን አስቆሙ። ከመሬት አንዲት የእንጨት ስባሪ አነሱ፣ በማጭድ ጫፏን ቀጠኑ፣ ሞፈሩና እርፉ በሚገናኙበት ቦታ ሸጎጧት፣ በድንጋይ ሁለቴ መቱ። በቃ። ማረሻው አፍንጫውን ወደ ታች ደፋ። ያቺ ሽብልቅ ከአውራ ጣት አትበልጥም። ነገሩ ሁሉ ማዘንበል ነው። ማረሻው በጣም ከጠለቀ ወይም ከሳሳ መጀመሪያ ሽብልቁን እዩ። ቀጥሎ ምራኑን እዩ። ቀንበሩ ሞፈሩ ላይ ወደ ጫፍ ራቅ ብሎ ሲታሰር ማረሻው ይጠልቃል፣ ወደ አራሹ ቀረብ ሲል ይሳሳል። ለመጀመሪያ እርሻ አንድ ስንዝር እንኳ አትመኙ፤ አራት ጣት ከገባ ግሩም ነው።

በሬ ተዋሱ እንጂ አዲስ ወይፈን አታለማምዱ። ለምደው የኖሩትን ጥንድ፣ በለመዱት ጎን ጥመዱ። የእኛዎቹ ቦራና ዳለቻ ናቸው። ቦራ ግራ ነው የሚጠመደው፤ ቀኝ ካደረጋችሁት ቆሞ ያያችኋል። ቀንበሩ አንገታቸው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ በመዳፋችሁ ዳብሱት። ስንጥር ካለ አንገታቸው ይቆስላልና የበግ ቆዳ ጠቅልሉበት። ጅራፉ ለድምፅ ነው፤ በአየር ላይ ያጩኹት፣ በሬው ላይ አታሳርፉት። ሕፃናት ከፊት አይቁሙ። ስልክ የሚቀርጽ ሰው ከጎን ይሁን፤ ከፊት ሆኖ ወደ ኋላ እየሄደ የሚቀርጽ ሰው ትልም ውስጥ መውደቁ አይቀርም።

ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃል። ሁለተኛ ዙር የምታርሱ ከሆነ የመጀመሪያውን ትልም አቋርጣችሁ እረሱ። ይሄ ማረሻ አፈር አይገለብጥም፤ ሰንጥቆ ነው የሚሄደው። በትልምና በትልም መካከል ሳይታረስ የሚቀር ጀርባ አለ፤ የሚሰበረው ሲቋረጥ ነው። ገበሬው ለጤፍ አራት አምስት ጊዜ ደጋግሞ የሚያርሰው አንዱም ለዚህ ነው።

ሌላ ሌላው

በማኅበራችን ማረሻ ብቻ አይደለም ያለው። እናቴ ወፍጮ መውቀር ታስተምራለች። የእጅ ወፍጮ ድንጋይ ሲያረጅ ይለሰልሳል፣ እህሉ ይንሸራተታል። በጠንካራ ድንጋይ ፊቱን ቀስ እያደረጉ መንካት ነው፤ ከወቀሩት በኋላ የመጀመሪያው ዱቄት አሸዋ አለውና ይደፋል። ከመንዝ የመጡ አንዲት እናት የበግ ጠጉር በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ባና፣ የሱፉን ብርድ ልብስ፣ የሚሠራ ሰው ግን እስካሁን አላገኘንም።

የወፍጮ ቤቱ የድሮ ናፍጣ ሞተርም አለን። መብራት ከገባ ወዲህ ቆሞ ነበር። ስለሱ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ በማኑቬላ፣ በእጅ በሚዞረው ብረት፣ የሚነሳ ሞተር ስትነኩ አውራ ጣታችሁን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል አድርጉ፣ እጀታውን አትጨብጡት። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ ጣት ይሰብራል። መጀመሪያ የናፍጣ መስመሩን አየር አስወጡ። የኮምፕሬሽን መልቀቂያውን ከፍታችሁ ቮላኖው፣ ከባዱ መንኮራኩር፣ በደንብ እስኪሽከረከር አዙሩ። ከዚያ መልቀቂያውን ጣል አድርጉት። ሲነሳ መንደሩ በሙሉ ይሰማል።

ከእርሻው በኋላ ዕቃውን እዚያው ማሳው ላይ አጽዱ። ጭቃው ሳይደርቅ በሣር ይጠረግ። ምራኑ ይፈታ፤ ታስሮ ካደረ እንጨቱን ያጎብጠዋል። ብረቱን ዘይት ቀቡት። እናቴ የኛን መልሳ በጨርቅ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር አስገባችው።

እርፉን ግን መያዝ አለባችሁ። በኛ አገር ሴት እርፍ አትይዝም ይባላል፤ እኔም በ43 ዓመቴ ነው የያዝኩት። ክርስትና አባቴ ከጎኔ እየሄዱ «አትጫኚው፣ ተደገፊው» ይሉኛል። ቦራ ዞር ብሎ ማን እንደሆንኩ አየኝና ራሱ በፈለገበት በኩል ሄደ። ትልሙ እንደ እባብ ተጥመለመለ። ማሳችን ደግሞ አስፋልቱ ዳር ነው። እስከ ሁለተኛው እርሻ ድረስ ከሚኒባስ የሚወርድ ሰው ሁሉ «ይቺን ያረሰው ማነው?» እያለ ጠየቀ። የመጀመሪያ ቀን ስታርሱ ከመንገድ ራቅ ያለ ማሳ ምረጡ።